ለሀርድ ዲስክዎ ተዝካር ከመደገስዎ በፊት

ባክአፕ የመያዝ ልማድ ከሌለዎት አይጨነቁ። ልማዱን የሚያስይዝዎት መምህር እዚያው ኮምፒውተርዎ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ፣ በደቂቃ 5,400 ጊዜ እየዞረ፣ ቀኑን ይጠብቃል። ትምህርቱ የአንድ ቀን ነው፤ ክፍያው ግን ከበድ ይላል። ይህ ምክር የተዘጋጀው ከዚያ ቀን ቀድመው መማር ለሚሹ፣ በተለይም በብቸናና በሞጣ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት፣ ፎቶ ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት መዝገብ ይዘው «ሁሉን ልገልብጥ ብል ስንት ጊጋ ይበቃኛል?» እያሉ እንቅልፍ ላጡ ነው። እንቅልፍ ያላጡትም ያንብቡት፤ ያጣሉ።

ከሁሉ በፊት ይህን ጥያቄ ይዘው ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አይሂዱ። ባለሱቁ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። መደርደሪያው ላይ ያለው 500 ጊጋ ብቻ ከሆነ 500 ይበቃዎታል፤ የቀረው ባለ ሁለት ቴራ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከሁለት ቴራ በታች መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ጎረቤትዎንም አይጠይቁ። ጎረቤት የሚያውቀው የራሱን ዲስክ ነው፤ የእሱ ዲስክ በምን እንደተሞላ ደግሞ ባይመረምሩ ለጉርብትናው ይበጃል። መልሱን የሚያውቀው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ይክፈቱትና ሲ ላይ ስንት፣ ዲ ላይ ስንት እንደተያዘ በወረቀት ይጻፉ። የዲስኩን ትልቅነት አይጻፉ፤ የተያዘውን ብቻ። ባዶ ቦታ ባክአፕ አያሻውም፤ ቢጠፋም የሚያለቅስለት የለም።

እዚህ ላይ አንድ ድንጋጤ ይጠብቅዎታል። ካርቶኑ ላይ 500 ጊጋ ተብሎ የተጻፈበት ዲስክ ኮምፒውተሩ ላይ 465 ብቻ ሆኖ ይታያል፤ አንድ ቴራ የተባለውም 931። «35 ጊጋዬን ማን ወሰደው?» ብለው ሻጩን አንቀው ከመያዝዎ በፊት ይታገሡ። ብቸና ገበያ ጤፍ የሸጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሁለት ሰው «አንድ ቁና» ስላለ ሁለቱም ትክክል ቁና ይዘዋል ማለት አይደለም። የዲስክ ፋብሪካው ከባይት ወደ ኪሎ፣ ከኪሎ ወደ ሜጋ፣ ከሜጋ ወደ ጊጋ ሲወጣ በ1,000 ያባዛል፤ ዊንዶውስ በ1,024። ጊጋ ላይ ሲደርሱ የሁለቱ ልዩነት ወደ ሰባት በመቶ ይሆናል። ማንም አልሰረቀዎትም፤ የተሰፈረልዎት በሻጩ ቁና ነው። ስለዚህ የተያዘው 460 ከሆነ፣ 500 የተባለውን ዲስክ ገዝተው «40 ይተርፈኛል» አይበሉ። አይተርፍዎትም።

ቀጥሎ ከተያዘው ውስጥ የእርስዎ ያልሆነውን ያውጡ። ዊንዶውስ ራሱ 20 ወይም 30 ጊጋ ይዞ ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ ሲያሸልብ ራም ላይ ያለውን የሚያኖርበት ሃይበርፊል፣ ራም ሲጠበው የሚተነፍስበት ፔጅፋይል የሚባሉ ስውር ፋይሎች አሉ፤ እነሱም እንደ ራሙ ልክ ብዙ ጊጋ ይበላሉ፤ ቢቀዷቸው ምንም አይጠቅሙም። ፕሮግራሞቹ እንደገና ይጫናሉ። ጥለውት ሳይጥሉት ሪሳይክል ቢን ውስጥ የተከማቸውንም ያስቡበት፤ ቆሻሻውን በክብር ገልብጦ በውድ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ ነው።

ከዚያ ወደ ፊልሙ ይምጡ። በብዙ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዘው ፊልም ነው፤ የሕንድ፣ የቱርክ፣ በአማርኛ የተተረጎመ፣ ያልተተረጎመ። ባክአፕ ሲታሰብም መጀመሪያ የሚገለበጠው ይኸው ነው፤ ትልቅ የሆነ ሁሉ ውድ ይመስላልና። አይድከሙ። ያ ፊልም በሞጣ ወጣት ሁሉ ሚሞሪ ላይ አለ፤ ከእርስዎ ቢጠፋ ሻይዎን ጠጥተው ሳይነሡ ሌላ ሰው ይልክልዎታል። ከተማው በሙሉ ያለ ደመወዝ ባክአፑን ይዞልዎታል። የዕድርዎ ቃለ ጉባኤ ግን፣ አምና ያወጡት የሒሳብ ፈተና ግን፣ አባትዎ ሲያቅራሩ የተቀዳው ድምፅ ግን ከእርስዎ ዲስክ በቀር የትም የለም። ስለዚህ ፎልደሩን አንድ በአንድ እየከፈቱ «ሌላ ቦታ አለህ ወይስ የለህም?» ብለው ይጠይቁት። «አለሁ» ያለውን ከሒሳቡ ያስወጡት። ይህን ጥያቄ በቅንነት የጠየቀ ሰው የግማሽ ዲስክ ዋጋ ያተርፋል፤ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ግን ፊልሙን ስለሚወድ ነው።

ተለይቶ የሚቀረው ነገር ማነሱ ያሳፍራል። የአማርኛ ፊደል ዛሬ በተለመደው ዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንዱ ሦስት ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው አንድ ባይት ይበቃዋል። (ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዘግይቶ መጥቶ የሦስት ሰው ወንበር ያዘ ብለው የሚያሙት አይጠፉም።) እንዲያም ሆኖ 1,500 ፊደል ያለው አንድ ገጽ 4,500 ባይት ነው፤ 500 ገጽ ደግሞ ከሁለት ሜጋ ትንሽ ይበልጣል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ ከነበዛብህና ከነሰብለ ወንጌል፣ ፊታውራሪ መሸሻም ከነቁጣቸው ገብተው፣ በጽሑፍ ብቻ ቢቀመጥ ስልክዎ ከሚያነሳው አንድ ፎቶ ብዙ የማይበልጥ ቦታ ነው የሚይዘው። ያቺ ፎቶ ላይ ያለው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ የወጣ የአክስትዎ ልጅ ነው።

የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ባለቤት ከሆኑ እንግዲህ ደስ ይበልዎት። በቀን አሥር ማመልከቻና ውል ይጻፋል እንበል፤ በዓመት 300 የሥራ ቀን፣ ለአሥር ዓመት። 30,000 ደብዳቤ ይሆናል። አንዱ የዎርድ ፋይል 30 ኪሎባይት ቢይዝ ጠቅላላው 900 ሜጋ ነው፤ አንድ ጊጋ አልሞላም። የአሥር ዓመት የከተማ ክርክር፣ የቤት ሽያጭ፣ የውክልና፣ የ«ለሚመለከተው ሁሉ» ክምችት በአንድ የሕንድ ፊልም ቦታ ይገባል። በድሮ ፎንት፣ ለምሳሌ በቪዥዋል ግዕዝ፣ የተጻፈ ፋይል ካለዎት ግን ፎንቱንም አብረው ይቅዱ። ፎንቱ ከሌለ ደብዳቤው በሰላም ይከፈታል፤ የሚነበበው ግን ማንም የማያውቀው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ዳኛ ፊት ይዘው የሚቀርቡበት አይደለም።

ፎቶ ቤት ላላችሁ ግን የምሥራች የለኝም። የጊጋ መቃብሩ እናንተ ጋ ነው። በጥር ሠርግ ሁለት ካሜራ ለስድስት ስድስት ሰዓት ቢቀርጽ፣ በሴኮንድ 24 ሜጋቢት የሚጽፍ ካሜራ በሰዓት ወደ 10.8 ጊጋ ስለሚያወጣ፣ የአንዱ ሠርግ ጥሬ ቪዲዮ ብቻ 130 ጊጋ ገደማ ይሆናል። «በፎር ኬ ይቀረጽልኝ» ያለ ሙሽራ ከመጣማ ካሜራው በሴኮንድ እስከ 100 ሜጋቢት ይጽፍና ያው ሠርግ 540 ጊጋ ይሆናል፤ ይህን ዋጋው ላይ ሳይጨምሩ የተዋዋሉ እንደሆነ ሠርጉን የደገሱት እርስዎ ነዎት። 1,500 ፎቶ በስምንት ሜጋ ሒሳብ ሌላ 12 ጊጋ ይጨምራል። ተቆርጦ፣ ዘፈን ተደርጎበት፣ የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ሆኖ ሲወጣ ግን በሴኮንድ ስምንት ሜጋቢት ቢያዝ ወደ 11 ጊጋ ይወርዳል። ከ130 ወደ 11! ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ጊጋ ልግዛ?» ሳይሆን «ጥሬውን እስከ መቼ ልያዘው?» ነው። የእኔ ምክር፦ ሙሽሮቹ ተረክበው፣ አይተው፣ «ያ አጎቴ ለምን አልገባም?» የሚለው ቅሬታ እስኪያልቅ። ከዚያ በኋላ የተሠራውን ቪዲዮና ፎቶውን ያኑሩ። ሙሽሮቹ ከተፋቱ ቪዲዮውን የሚጠይቅ የለም፤ ከተስማሙ ደግሞ ልጃቸውን ሲድሩ መምጣታቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። በዓመት 20 ሠርግ፣ የአንዱ ቪዲዮና ፎቶ 23 ጊጋ ሆኖ፣ 460 ነው፤ በሦስት ዓመት 1,380፤ ገና በእጅ ላይ ላሉ ሦስት ሠርጎች ጥሬ 390 ቢጨመር 1,770 ጊጋ። ባለ ሁለት ቴራ ዲስክ ይህን ለጥቂት ይችለዋል። በዓመት ከሰባት ሠርግ የማያልፍ ገበያ ካለዎት ባለ አንድ ቴራው ይበቃል፤ ለገበያው ግን ምክር የለኝም።

ለሌላው ሰው ቀመሩ እንዲህ ነው። ሌላ ቦታ የሌለውን ይያዙ፤ በዓመት የሚጨምረውን በሦስት አባዝተው ያክሉበት፤ በላዩ ላይ ግማሹን ያህል ይመርቁበት። ሦስት ዓመት ያልሁት በዘፈቀደ አይደለም፤ የአብዛኛው ዲስክ ዋስትና ራሱ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው፤ ሠሪው ራሱ ከዚያ በላይ ያላመነውን እርስዎ ለምን ያምናሉ? ለምሳሌ 120 ጊጋ ያለው፣ በዓመት 60 የሚጨምር ሰው 300 ይደርሳል፤ ምርቃቱን ጨምሮ 450። ባለ 500ው በሻጩ ቁና ይበቃል፣ ግን ጠርዙ ላይ ነው፤ ባለ አንድ ቴራውን ይግዙ።

ምርቃቱ ለምንድን ነው ቢሉ፣ ለድሮዎቹ ቅጂዎች ነው። በየሳምንቱ አዲሱን ቅጂ በአሮጌው ላይ የሚደርብ ሰው ሥርዓት ያለው ይመስላል። አንድ ቀን ግን ሰው ሁሉ ፍላሽ እየሰካ ከሚነቅልበት ኮምፒውተር ላይ ያ የታወቀው ሾርትከት ቫይረስ ይገባል፤ ፎልደሩ ሁሉ ወደ ሾርትከት ይለወጣል፤ ባለቤቱም በሥርዓቱ መሠረት ቅዳሜ ማታ የተበላሸውን በደህናው ላይ ይደርበዋል። እንዲህ ያለው ሰው ሁለት ቅጂ አለው፤ ሁለቱም የቫይረሱ ናቸው። ስለዚህ የጥቂት ሳምንታት ቅጂ ይኑርዎት። በየሳምንቱ 120 ጊጋውን ሙሉ እየገለበጡ አራት ሳምንት ከያዙ 480 ይፈጅብዎታል፤ መጀመሪያ አንዴ ሙሉውን ገልብጠው ከዚያ በየቀኑ የተለወጠውን ብቻ ቢጨምሩ፣ በቀን አንድ ጊጋ ቢለወጥ እንኳ፣ ለወሩ 150 ይበቃል። ሁለተኛውን የሚሠሩልዎ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። በእጅ መገልበጥን የመረጡ እንደሆነ ግን በሦስተኛው ሳምንት የሚሰለቹ መሆንዎን አስቀድመው ሒሳቡ ውስጥ ያስገቡ።

ዲስኩ ወይም ፍላሹ ተገዛ እንበል። አሁን አንድ አሥር ጊጋ የሆነ የሠርግ ቪዲዮ ሊገለብጡ ሲሉ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይልዎታል፤ እርስዎ ግን 50 ጊጋ ባዶ እያዩ ነው። ፍላሹን አይምቱት። ፋት 32 በሚባለው አኳኋን ፎርማት የተደረገ ፍላሽ አንዱ ፋይል ከአራት ጊጋ ከበለጠ አይቀበልም። ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ አድርገው ፎርማት ያድርጉት፤ ባዶ መሆኑን አረጋግጠው ነው ታዲያ። በባክአፕ ታሪክ ውስጥ ከቫይረስ ይልቅ ብዙ ፋይል ያጠፋው «ፎርማት» የምትለው ቁልፍ ሳትሆን አትቀርም።

በ16 ጊጋ ዋጋ ሁለት ቴራ ፍላሽ የሚሸጥልዎ ሰው ከተገኘ ደግሞ ያመስግኑትና ይሂዱ። እንዲህ ያለው ፍላሽ ውስጡ ትንሽ ሆኖ ለኮምፒውተሩ «ሁለት ቴራ ነኝ» እንዲል የተሠራ ነው። የሰጡትን ሁሉ በደስታ ይቀበላል፤ የፋይሉንም ስም ይዘረዝርልዎታል። ሲከፍቱት ብቻ ነው ውስጡ ምንም እንደሌለ የሚያውቁት። መፈተኛው ቀላል ነው፦ እስከ አፉ ሞልተው ከመጀመሪያም፣ ከመካከልም፣ ከመጨረሻም ፋይል እየከፈቱ ማየት። ለደህናውም ዲስክ ቢሆን ይህ ግድ ነው፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂን ቅጂ ብሎ መጥራት ድፍረት ነው።

ጊጋውን ያሰላ ሰው ሰዓቱንም ያስላ። በአሮጌው ዩኤስቢ 2 በኩል በሴኮንድ 30 ሜጋ ያህል ያልፋል፤ 500 ጊጋ ለመገልበጥ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈልጋል። በአዲሱ ዩኤስቢ 3፣ ዲስኩ በሴኮንድ 100 ሜጋ ከቻለ፣ አንድ ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። አሁን ራስዎን ይጠይቁ፦ መንደርዎ ውስጥ መብራት ሳይጠፋ አራት ሰዓት ተኩል የቆየው መቼ ነው? ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ እየገለበጡ መብራት ቢሄድ የሚጎዳው አዲሱ ዲስክ ብቻ አይደለም፤ ዋናውም አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ ባክአፕ ሲወስድ ዋናውን ያጣ ሰው እንደመሆን የሚያሳዝን ነገር የለም። ባትሪ ባለው ላፕቶፕ፣ ፎልደር በፎልደር ይገልብጡ።

«ኢንተርኔት ላይ ባስቀምጠውስ?» የሚሉ ዘመናዊ አንባቢዎች አይጠፉም። ያስቀምጡ። ጉግል በነፃ 15 ጊጋ ይሰጣል፤ ለጽሕፈት ቤቱ ከበቂ በላይ ነው። ያንን የ130 ጊጋ ሠርግ ግን በሴኮንድ ሁለት ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለመላክ ስድስት ቀንና ስድስት ሌሊት ይፈጃል፤ ሠርጉ ራሱ ከነመልሱ ቶሎ ያልቃል። መስመሩ ካለ ነው ይህም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በብዙ ቦታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ብቸናም ሞጣም ማንንም አይጠይቁም። ኢንተርኔቱን ሦስተኛ ቅጂ ያድርጉት፤ ብቸኛ ቅጂ አያድርጉት።

ስለ ሦስተኛ ቅጂ ካነሣን፣ ባለሙያዎቹ የሚመሩበት አንድ ደንብ አለ፤ ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነው ያስፋፋው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ሰው ሁሉ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይፈጽምና ሦስተኛውን ይረሳል። ኤክስተርናል ዲስኩን ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ ይይዛል፤ ሌባውም እንዳይቸገር ሁለቱን በአንድ ላይ ይወስዳል።

ለዚህ ማስረጃ ከሩቅ አገር መጥቀስ አያሻም። ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ 1,000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት፣ አብዛኛውን ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት፣ ሰብስበው መቅደላ ላይ አከማቹ። ዓላማው ታላቅ ነበር፤ ቦታው ግን አንድ ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ዘረፋው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወረደ፤ ወደ 350 የሚሆኑት መጻሕፍት ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ግን ነገሩ በደንቡ ተሠራ፦ ብራናው በባለቤቱ እጅ ይቀራል፤ ፊልሙ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል። አብዮት መጣ፣ ደርግ መጣ፣ ሥራው አልቆመም፤ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። እዚያው ሚኒሶታ ተቀምጠው እነዚህን ፊልሞች እያነበቡ ካታሎግ ሲያዘጋጁ የኖሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። አንዳንዱ መጽሐፍ ዛሬ የሚነበበው በፊልሙ ብቻ ነው ቢባል የሚገርመው ባክአፕ የሌለው ሰው ብቻ ነው።

ለሞጣ አንባቢዬ ደግሞ ከዐባይ ወንዝ አንድ ማስረጃ ልጨምር። በፋሲል ዘመን የተሠራው፣ በጣሊያን ጊዜ መካከሉ ተሰብሮ «ሰባራ ድልድይ» የተባለ ድልድይ አለ፤ ሰው ለዓመታት በገመድ እየተሳበ ይሻገርበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ጠርጎ ወሰደው፤ በ2009 ከፍ ብሎ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ። አንዴ አስተካክያለሁ ብለው ዲስኩን ቁም ሣጥን ውስጥ የቆለፉ ሰዎች ቀኖቹን ልብ ይበሉ፤ ጥገናው የቆየው ሦስት ዓመት ነው፤ ከዲስክዎ ዋስትና ጋር እኩል።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። ጽሕፈት ቤት ያለው ሰው ሁለት ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ይበቃዋል፤ ተራ ተጠቃሚ ሁለት ባለ አንድ ቴራ ዲስክ፤ ፎቶ ቤት ያለው ሁለት ባለ ሁለት ቴራ። ገንዘብ ካጠረዎት ጊጋውን ይቀንሱ እንጂ ቁጥሩን ከሁለት አያውርዱ። የብቸና ሰው ከሆኑ አንዱን ሞጣ እህትዎ ዘንድ፣ የሞጣ ከሆኑ ብቸና ያኑሩ፤ በየፋሲካውና በየእንቁጣጣሹ ስትጠያየቁ ትለዋወጡታላችሁ። መብራት ካለ ዛሬ ማታ ይጀምሩ።